መንገደኛ ነጋዴ ነው ወይስ እንግዳ?

እግዚአብሔር የሌለበት ስፍራ የለም። ሰማይና ምድር በእርሱ የተሞሉ ናቸው፤ በቤቱ ማዕዘን ተንበርክኮ የሚጸልየውን ሽማግሌ የሚሰማ አምላክ፣ በተራራ ራስ ላይ ቆሞ የሚጸልየውንም ይሰማል። ይህ የሃይማኖታችን መሠረተ ትምህርት ስለ ሆነ ከምእመናን ወገን የሚጠራጠረው የለም። ነገር ግን ከዚሁ ትምህርት አንድ ጥያቄ ይወለዳል። እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ ካለ፣ ምእመናን ስንቅ ቋጥረው፣ በትር ይዘው፣ ቤታቸውንና ሥራቸውን ትተው ወደ ሩቅ ገዳምና ወደ ከፍተኛ ተራራ የሚሄዱት ስለ ምንድር ነው? በቤታቸው ያላገኙትን በመንገድ ያገኙታልን? የሄደውስ ሰው ከቀረው ሰው ይበልጣልን?

ይህን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር አድርገን ልናልፈው አይገባንም። በዘመናችን መንገዱ ተጠርጓል፤ አውቶቡሱና አውሮፕላኑ በዝቷል፤ ቀድሞ ወር ይፈጅ የነበረው ጉዞ ዛሬ በአንድ ቀን ይፈጸማል። በየደብሩ ቅጽር የጉዞ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ብዙ ሰውም ይመለሳል። ሄዶ የተመለሰው ሰው ምን ይዞ እንደ ተመለሰ ራሱን ሲጠይቅ ግን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ መንገድና ስለ መንገደኛ፣ እግዚአብሔር በፈጠረው ሜዳና ተራራ መካከል ስለ ማለፍም፣ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአበው ትምህርት ተነሥተን ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

አስቀድመን ስሙን እንመርምር። በግእዝ ቋንቋ «ነገደ» የሚለው ግሥ መንገድ ሄደ፣ ተጓዘ ማለት ነው፤ ዳግመኛም ሸጠ ለወጠ፣ አተረፈ በሚለው ፍቺ ይነገራል። ከዚህ ከአንዱ ግሥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይወጣሉ። አንደኛው «ነጋዲ» ነው፤ በአማርኛ ነጋዴ የምንለው ነው። ሁለተኛው «ነግድ» ነው፤ በአማርኛ እንግዳ የምንለው ነው። ወደ ቅዱስ ቦታ የሚደረገውም ጉዞ ከዚሁ ግሥ ወጥቶ «ንግደት» ይባላል።

ነጋዴና እንግዳ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ አንድ ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። ልባቸው ግን የተለያየ ነው። ነጋዴ የሚሄደው ሊያተርፍ ነው፤ የሰጠውንና የተቀበለውን ይመዝናል፤ ከድካሙ የሚበልጥ ዋጋ ካላገኘ ጉዞውን እንደ ኪሣራ ይቈጥረዋል። ይህ ለሥራው የተገባ ነው፤ በእውነት ሚዛን የሚነግድ ሰው የተመሰገነ ነውና ነቀፌታችን በእርሱ ላይ አይደለም። እንግዳ ግን የራሱ ባልሆነ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ነው። የሰጡትን ይቀበላል፤ ይህ ይገባኛል ብሎ አይከራከርም። ያደረበትን ቤት አያቈሽሽም። ሲሄድም መርቆ ይሄዳል። እንግዲህ የነገራችን መሠረት ይህ ነው፤ ጉዞ ሰውን የሚጠቅመው እንግዳ ሲያደርገው ነው። ነጋዴ ሆኖ ወጥቶ ነጋዴ ሆኖ የገባ መንገደኛ እግሩን አደከመ እንጂ ነፍሱን አላራመደም።

ቦታን ስለ መለወጥ

ሳምራዊቷ ሴት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ጌታችንን ባገኘችው ጊዜ ያነሣችው ይህንኑ የቦታ ጥያቄ ነበር። አባቶቿ በገሪዛን ተራራ፣ አይሁድ በኢየሩሳሌም ይሰግዱ ስለ ነበር እውነተኛው የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ወደደች። ጌታም እውነተኛ ስግደት በዚህ ወይም በዚያ ተራራ የማይወሰን፣ በመንፈስና በእውነት የሚፈጸም መሆኑን አስረዳት (ዮሐ. 4)። ልብ ማለት የሚገባን ግን ይህን ያስተማረው እርሱ መንገድ ሄዶ የደከመ፣ በቀትር ጊዜ በጉድጓድ አፋፍ ተቀምጦ ከማያውቃት ሴት ውኃ የለመነ መሆኑን ነው። ቦታ የማይወስነው ጌታ በዚያች ሰዓት እንግዳ ሆኖ ተገኘ።

ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው አንድ መልእክት በዚህ ነገር ላይ አጥብቆ ተናግሯል። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድን እንደ ግዴታ የሚቈጥሩ ሰዎች ነበሩና፣ ቦታን መለወጥ ብቻውን ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበው፣ ልቡ በክፉ አሳብ የተሞላ ሰው በጎልጎታ ላይ ቢቆም እንኳ ከክርስቶስ የራቀ መሆኑን ጻፈላቸው። ይህን የጻፈው ኢየሩሳሌምን ሳያይ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወደዚያ አገር ሄዶ ቅዱሳት መካናትን ተመልክቷል። በዚያው መልእክት ስለ ራሱ ጉዞ ሲናገር ደግሞ የተሳፈሩበት ሠረገላ ለእርሱና ለባልንጀሮቹ እንደ ቤተ ክርስቲያንና እንደ ገዳም ሆኖላቸው እንደ ነበረ፣ መንገዱንም በጾምና በመዝሙር እንደ ፈጸሙት ይመሰክራል። እንግዲህ ይህ አባት የነቀፈው መንገዱን እንደ ጽድቅ ዋጋ መቊጠርን ነው። ለእኛም ዘመን የሚሆን ትምህርት ትቶልናል፤ ሠረገላው ገዳም መሆን ከቻለ አውቶቡሱም ይችላል። ሐሜትና ዋዛ የሞላበት እንደ ሆነ ግን፣ የሚሄደው ወደ ገዳም ቢሆንም እርሱ ራሱ ገበያ ነው።

እንዲህ ከሆነ እግዚአብሔር ወዳጆቹን ከቦታ ወደ ቦታ ያወጣቸው ስለ ምን ነው? አብርሃምን ከአገሩና ከዘመዶቹ ለየው። እስራኤልን 40 ዓመት በምድረ በዳ አዞራቸው። ኤልያስን 40 ቀንና 40 ሌሊት ወደ ኮሬብ አስኬደው። መልሱ ይህ ነው፤ መንገዱ የሚያስፈልገው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለሰው ነው። ሰው በቤቱ ሳለ ጌታ ነው። ጓዳው፣ አልጋው፣ ማዕርጉ፣ ስሙን አክብረው የሚጠሩት ጎረቤቶቹ ይከቡታል፤ ያለው ሁሉ የተሰጠው መሆኑን ይረሳና ከገዛ ራሱ የተገኘ ይመስለዋል። በመንገድ ላይ ግን ውኃ የሚያጠጣውን፣ መታጠፊያውን የሚያመለክተውን፣ ዝናም ሲመጣ የሚያስጠጋውን ሰው ይፈልጋል። ማዕርጉን የሚያውቅለት የለም። አባቶቻችን ሲመሽባቸው በማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይሉ ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ መላው ትምህርታችን አለ። የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ የሚል ሰው፣ ቤቱም መንገዱም የእግዚአብሔር መሆኑን መስክሯል።

ወደ ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ይህን በሥጋው ያውቀዋል። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ይህ ገዳም ዙሪያው ገደል ስለ ሆነ መውጫው ገመድ ነው። የሚወጣው ሰው ሹምም ቢሆን ድኻም ቢሆን ወገቡን በጠፍር ታስሮ፣ በገመዱ እየተንጠላጠለ፣ ከላይ ያሉት መነኮሳት እየሳቡት ይወጣል። በዚያች ሰዓት ሹመትም ገንዘብም አያወጣውም፤ የሚያወጣው ከላይ የተዘረጋው እጅ ነው። ከላይ ደርሶ ቤተ ክርስቲያኑን ከመሳለሙ በፊት ገደሉ ራሱ አንድ ስብከት ሰብኮታል።

ስእለትና ሸቀጥ

ነጋዴነት ወደ መንገደኛው ልብ የሚገባበት የመጀመሪያው በር ስእለት ነው። ስእለት ራሱ የተቀደሰ ነገር ነው፤ ሐና በስእለቷ ሳሙኤልን አግኝታለች፤ ቤተ ክርስቲያንም ተስላ የምትመጣውን እናት በደስታ ትቀበላለች። የሚያስፈራው ስእለቱ ወደ ውል ሲለወጥ ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በእግሬ እሄዳለሁ፣ ይህን ያህል ጧፍና ጥላ አስገባለሁ፣ አንተም ይህን ትሰጠኛለህ የሚል ሰው ከፈጣሪው ጋር በገበያ ተቀምጧል። የለመነው ያልተፈጸመለት እንደ ሆነም እንደ ተታለለ ገዥ ያጕረመርማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል።

የያዕቆብን ነገር በዚህ መስተዋት እንመልከተው። ከወንድሙ ሸሽቶ ወደ ሶርያ ሲሄድ፣ በቤቴል ድንጋይ ተንተርሶ ተኝቶ ሳለ የሰማይን መሰላል አየ። ሲነቃ የተሳለው ስእለት ግን ገና የውል ሽታ ነበረው፤ እግዚአብሔር በመንገዱ ቢጠብቀው፣ እንጀራና ልብስ ቢሰጠው፣ ወደ አባቱ ቤት በደኅና ቢመልሰው፣ ያን ጊዜ አምላኩ እንደሚሆን፣ ከሚያገኘውም ዐሥራት እንደሚያወጣ ተናገረ (ዘፍ. 28)። እግዚአብሔርም ስለዚህ አልጣለውም፤ ከሰው ድካም ጋር መሄድ ልማዱ ነውና። ከ20 ዓመት በኋላ ግን ያው ያዕቆብ ብዙ ሀብትና ብዙ ልጆች ይዞ፣ የዔሳውን መምጣት ፈርቶ፣ በወንዝ ዳር ቆሞ ሲጸልይ ንግግሩ ተለውጧል። ያን ቀን የቀድሞውን ውል አንሥቶ አልተሟገተም። ለተደረገለት ቸርነት ሁሉ የማይገባው መሆኑን፣ በአንዲት በትር ብቻ ዮርዳኖስን ተሻግሮ እንደ ነበረ አስታወሰ (ዘፍ. 32)። በነጋዴነት የወጣው በእንግድነት ተመለሰ። 20 ዓመት የፈጀው ይህ የልብ መንገድ፣ ከቤርሳቤህ እስከ ካራን ካለው ርቀት ይልቅ ረጅም ነበረ።

እኛም ከገዳም ስንመለስ ራሳችንን የምንመዝንበት ሚዛን ይህ ይሁን። ከመሄዳችን በፊት እንዲደረግልን የምንጠይቀውን እንቈጥር ነበር፤ ስንመለስ የተደረገልንን መቊጠር ጀምረን ከሆነ በእርግጥ ተጕዘናል።

ፍጥረትን ስለ ማየት

አንዳንድ ሰዎች፣ መንፈሳዊ መንገደኛ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ሊሄድ ይገባዋል፤ ተራራውንና ሸለቆውን፣ አበባውንና ወፉን መመልከት የሥጋ ደስታ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና ጸሎት ምን ያደርጉልናል፣ የተፈጥሮ ውበት ይበቃናል ይላሉ። ሁለቱም ከእውነት ወጥተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሠዓሊውን እናከብራለን ብለው ሥዕሉን ይንቃሉ፤ ሁለተኞቹ ሥዕሉን እያመሰገኑ ሠዓሊውን ይረሳሉ።

እግዚአብሔር ኢዮብን ያስተማረበትን መንገድ እናስብ። ያ ጻድቅ በአመድ ላይ ተቀምጦ ስለ መከራው መልስ በለመነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ሲመልስለት ስለ መከራው ምክንያት አልተናገረም። በአሳቡ ከቤት አውጥቶ ወደ ሜዳ ወሰደው፤ የባሕርን ወሰን፣ የበረዶን መዝገብ፣ በዓለት መካከል የምትወልደውን የተራራ ፍየል፣ ሰው በማይኖርበት ምድረ በዳ የሚዘንበውን ዝናም አሳየው (ኢዮብ 38–39)። ሰው በሌለበት ምድር ላይ የሚዘንብ ዝናም ለማን ይጠቅማል? ነጋዴ ይህን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ በእርሱ ሚዛን ማንም የማይሸጠውና ማንም የማይገዛው ዝናም ከንቱ ነው። እንግዳ ግን ይገባዋል። የጌታው ቤት ሰፊ መሆኑን፣ በቤቱም እርሱ የማያውቃቸው ሌሎች ብዙ ተመጋቢዎች መኖራቸውን ተረድቶ ዝም ይላል። ኢዮብ የተጽናናው በዚህ ዝምታ ነው።

በአገራችን ይህን የሚያስተምር ስፍራ ሞልቷል። በሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ደጀን አለ፤ በዚያው በሰሜን ገደል ላይ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኘው ዋልያ ይሰማራል። እ.ኤ.አ. በ1978 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ዓመት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። አንዱ እግዚአብሔር ያለ ሰው እጅ ያነጸው ዓለት ነው፤ ሌላው ሰው በእግዚአብሔር ስም የፈለፈለው ዓለት ነው። ሁለቱን ያየ ክርስቲያን በአንዱ አመስግኖ በሌላው ዝም ሊል አይገባውም።

ለማየት ብቻ የሚሄደውንም ሰው በችኮላ ልንፈርድበት አይገባንም። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ከአገሩ የወጣው ሩቅ አገር አይቶ ለመመራመር ነበር። ከእርሱም ጋር ሁለት ወጣቶች ነበሩ። መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደ ወደብ በቀረበች ጊዜ የአገሩ ሰዎች መንገደኞቹን ገደሏቸው፤ ሁለቱን ወጣቶች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ አገኟቸውና ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ከሁለቱ አንዱ ፍሬምናጦስ ነው፤ እርሱም አባታችን አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። አገር ለማየት የተነሣው ጉዞ በእግዚአብሔር ጥበብ ለኢትዮጵያ ጳጳስ አስገኘላት። የሰው ዓላማ ትንሽ ቢሆንም የእግዚአብሔር መንገድ ሰፊ ነው።

እንግዳ መሆናችን የሚታወቀው ግን በአድናቆታችን ብቻ አይደለም፤ በስፍራው በምንተወው ነገርም ይታወቃል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ ቤተ ክርስቲያንን ከሩቅ የሚያውቃት በዛፎቿ ነው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ተራራው ተራቍቶ ሳለ፣ በቅጽሯ ውስጥ ጽዱና ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ቆመዋል፤ ከላይ ሲታይ በእርሻ ባሕር መካከል የተቀመጠች ደሴት ትመስላለች። ይህን ያቈዩልን አባቶች ዛፉን የራሳቸው አድርገው አልቈጠሩትም፤ የታቦቱ አጸድ ነው ብለው ምሳር አላነሡበትም። ወፉ፣ ንቡና መንገደኛው በጥላው ያርፋሉ። እንግዲህ በዚህ ጥላ ሥር አርፎ የላስቲክ ጠርሙሱንና ፌስታሉን ጥሎ የሚሄድ ተሳላሚ ምን ሊባል ነው? ሊባረክ ወደ መጣበት ቤት ቈሻሻ አግብቶ ወጥቷል። ሙሴ በሲና ቊጥቋጦ ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘው መሬቱ ቅዱስ ስለ ሆነ ነው፤ የእግራችንን ጫማ አውልቀን የእጃችንን ጕድፍ ብንጥል ትእዛዙን በግማሽ እንኳ አልፈጸምነውም።

ቅዱሱን ስፍራ ከማየት ይልቅ ራሱን በቅዱሱ ስፍራ ቆሞ ለማሳየት የሚሻም አለ። ማኅሌት እየተቆመ፣ ቅዳሴ እየተቀደሰ፣ ጀርባውን ወደ መቅደሱ ሰጥቶ በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሥዕሉን ለማስታወሻ መያዝ ኃጢአት ነው አንልም። ነገር ግን ከሄደበት ስፍራ የሚተርፈው ለሌላ የሚያሳየው ነገር ብቻ የሆነ ሰው፣ ሸቀጥ ይዞ የተመለሰ ነጋዴ ነው።

በመንገድ ዳር ያለው ሰው

መንገደኛን የሚፈትነው የመጨረሻው ነገር በመንገድ የሚያገኘው ሰው ነው። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ኢያሪኮ ከባሕር ወለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት። 30 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,000 ሜትር ያህል ቍልቍል ይወረዳል፤ አገሩም ደረቅና ገደላማ ስለ ሆነ ለወንበዴ የተመቸ ነበር። ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ያስቀመጠው በዚህ መንገድ ላይ ነው (ሉቃ. 10)። ወንጌላዊው እንደሚነግረን ያ ካህን በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር። ይወርድ ከነበረ የሚመጣው ከኢየሩሳሌም፣ ከቤተ መቅደሱ ከተማ ነው። የሚያስደነግጠው ነገር ይህ ነው፤ የቆሰለውን ሰው አይቶ ገለል ብሎ ያለፈው፣ ቅዱሱን ስፍራ ወደ ኋላው ትቶ የሚመጣ መንገደኛ ነው። ጉዞው ወደ ቅዱስ ቦታ መሆኑ ልቡን እንዳላለሰለሰለት እናያለን። በእንግድነት የተገኘው ሳምራዊው ነው፤ በአይሁድ አገር ባይተዋር ነበርና የባይተዋርን ሥቃይ ያውቅ ነበር።

በሌላ ወገን ደግሞ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ጉዞ እንመልከት (የሐዋ. 8)። የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም ሲሆን ሊሰግድ እስከ ኢየሩሳሌም ሄደ። የፈለገውን ግን ያገኘው ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ፣ በመንገድ ላይ ነው። እርሱ በሠረገላ ተቀምጦ ነበር፤ ፊልጶስ በእግሩ ነበር። እግረኛው የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ ሹሙ አልተቈጣም፤ የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ተናግሮ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። በእግር የሄደው ይበልጣል ወይስ በመኪና የሄደው እያልን የምንከራከር ሁሉ መልሳችንን ከዚህ እናገኛለን። ሠረገላው በራሱ አልጐዳውም፤ በሠረገላው ላይ ለመንገደኛው ቦታ ነበረውና።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን መንገድ ላይ ዛሬ በፈቃዳቸው ያልወጡ መንገደኞች አሉ። በጦርነትና በግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉ፣ በድንኳንና በትምህርት ቤት አዳራሽ ያደሩ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ። እንጀራ ፍለጋ በምድረ በዳና በባሕር ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ወጣቶች አሉ። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ሃይማኖታቸው የታረዱት ወንድሞቻችንም እንዲህ ያሉ የስደት መንገደኞች ነበሩ። ወደ በዓለ ንግሥ የሚሄደው አውቶቡስ በእነዚህ ሰዎች አጠገብ ያልፋል። ተሳላሚው መጋረጃውን ስቦ ካለፈ፣ ከኢየሩሳሌም የወረደውን ካህን ጉዞ ደገመ።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን እንዳንረሳ በጥበብ ሠርታልናለች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ብላ፣ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች። ይህ ወቅት ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአበባ የሚያጌጥበት፣ ደገኛው አገር ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያምርበት ነው። ሊቃውንት የምድሩን አበባና የስደተኛዋን እናት ድካም በአንድ ማኅሌት አስተባብረው ያመሰግናሉ። እንግዲህ ልጆቿ አበባውን እያዩ ስደተኛውን እንዳይረሱ፣ ስደተኛውን እያዩ አበባውን ከሰጠው አምላክ ተስፋ እንዳይቈርጡ ታስተምራለች። በአበባው ተደስቶ ሕፃን ያዘለችውን እናት ያላየ ሰው የጽጌን ምስጋና በአፉ እንጂ በልቡ አልዘመረም።

የቀሩትስ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የሄደው ከቀረው ይበልጣልን? በሽተኛ የምታስታምም ልጅ አለች፤ የዕለት ጕርስ አሳድዶ የማይሞላለት ድኻ አለ፤ ሌሎች ለበዓል ሲሄዱ የአጥቢያውን ቅዳሴ ሳያስታጕሉ የሚቀሩ ካህናት አሉ። እነዚህ በመስከረም 21 ግሸን አይደርሱም፤ በልደት በዓል ላሊበላ አይገኙም። ከበረከቱ ተለዩ እንበልን?

በትውፊት እንደሚነገረው ቅዱስ ላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ሲፈለፍል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የማይችለው ሕዝብ በአገሩ እንዲሳለም አስቦ ነው፤ ስለዚህም በዚያ ጎልጎታም ዮርዳኖስም አሉ። በኢየሩሳሌም በዴር ሡልጣን አባቶቻችን ብዙ መከራ ታግሠው ቦታችንን ጠብቀዋል፤ እዚህ ደግሞ ንጉሡ ለቀረው ሕዝብ ኢየሩሳሌምን አቀረበለት። የሄደውም የቀረውም በአንድ አሳብ ተሰበሰቡ። አብርሃምም እግዚአብሔርን ያገኘው በጉዞ ብቻ አይደለም። በቀትር በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት መንገደኞችን አየ፤ ሮጦ ተቀበላቸው፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አስመጣ፤ እንጀራ አቀረበ (ዘፍ. 18)። እርሱ በዚያ ቀን የትም አልሄደም፤ እግዚአብሔር ግን እንግዳ ሆኖ መጣለት። አስቀድሞ ራሱ እንግዳ ሆኖ መኖርን ስለ ተማረ፣ እንግዳ ሲመጣ አወቀው። የሙሴም ሕግ መጻተኛን እንዲወዱ እስራኤልን ሲያዝዝ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው በግብፅ መጻተኞች የነበሩ መሆናቸውን ነው (ዘዳ. 10)።

የጉዞ ፍጻሜ ይህ ነው። ኤልያስ ኮሬብ በደረሰ ጊዜ እግዚአብሔር በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ በተራራውም እንዲኖር አልፈቀደለትም። ሥራ ሰጥቶ በመጣበት መንገድ ወደ ሰዎች መለሰው። እኛንም ገዳሙ ወደ ቤታችን ይመልሰናል፤ በቤታችን ደጃፍ የሚቆመውን ሰው እንድናውቀው አስተምሮ ይመልሰናል።

ስለዚህ፣ ምእመናን ሆይ፣ ለመሄድ ስንነሣ አስቀድመን ከተጣላነው ሰው ጋር እንታረቅ፤ የበደልነውን እንካስ። ስንቃችንን ስንቋጥር ለምናገኘው ችግረኛ የሚሆነውን ለይተን እንያዝ። በመንገድ ላይ ጸሎትና ዝምታን እናብዛ፤ ተራራውን አይተን ፈጣሪን እናመስግን፤ ያረፍንበትን ስፍራ ከነበረው ይልቅ ንጹሕ አድርገን እንተወው። ወደ ገዳሙ ስንደርስ የሚያስተናግዱንን መነኮሳትና የአገሩን ባላገር እንደ ባለውለታ እንያቸው፤ ባለ ገንዘብ ነኝ ብለን አናዝዛቸው። ስንመለስም ስላየነው ነገር በቀሩት ላይ አንመካ፤ ጸበሉንና እምነቱን ይዘን ወደ በሽተኛው ቤት እንግባ፤ የተቀበልነውን እናካፍል። ከዚያ በኋላ በራችንን የሚያንኳኳ መንገደኛ ሲመጣ፣ ትናንት እኛ በሰው ደጅ የቆምን መሆናችንን እናስታውስ።

ቅዱሳን አባቶች በዚህ ዓለም እንግዶች መሆናቸውን አምነው፣ በእምነት የሚመጣውን ከተማ በሩቅ አይተው ተሳለሙት። የእኛም አጭር ጉዞ ለዚያ ለረጅሙ ጉዞ መለማመጃ ነው። በዚያ ደጃፍ የሚያስገባን ያደረግነው ንግድ አይሆንም፤ የባለቤቱ ቸርነት ነው። በዚህ ሳለን እንግዳ ሆነን መኖርን፣ እንግዳንም መቀበልን የተማርን እንደ ሆነ፣ በዚያን ቀን «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለውን የንጉሡን ድምፅ ለመስማት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።